ያረጁ የደንበኛ ስልኮችና አድራሻዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የቧንቧና የሳኒተሪ ዕቃ በጅምላ ስሸጥ፣ የደንበኛ መዝገብም ሳጸዳ፣ ሰው ደጋግሞ የጠየቀኝን ከቀላሉ ጀምሬ እነሆ።

«ያረጀ አድራሻ» የሚባለው የትኛው ነው?

ደውላችሁ ያጣችሁት ሰው ሁሉ አላረጀም። ደውላችሁ ያገኛችሁትም ሁሉ ትኩስ አይደለም። ከሁሉም የከፋው ስልኩ የሚሠራ፣ የሚነሳ፣ ግን የሚያነሳው ሌላ ሰው የሆነበት ነው። የጠፋ ስልክማ ቢያንስ መጥፋቱን ታውቁታላችሁ።

እኔ የምለየው እንዲህ ነው። መዝገቡ ላይ ያለው ሰው፣ ስልኩ፣ ቦታውና ሥራው አሁንም አንድ ላይ ናቸው ወይ? ከአራቱ አንዱ ከተላቀቀ መስመሩ አርጅቷል። ደግሞ አንድ ክፉ ልማድ አለኝ፦ መጨረሻ የተረጋገጠበት ቀን ያልተጻፈበትን ቁጥር፣ ትናንት የተመዘገበ ቢሆን እንኳ፣ ያረጀ ነው ብዬ ነው የምይዘው። ከዓመት በኋላ ትናንት ይሁን ካቻምና ማንም አያውቅማ።

ዝርዝሩ ለምን እንዲህ ቶሎ ያረጃል?

አንደኛው ስልክ ነው። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ብዙ ሰው በ07 የሚጀምር ሁለተኛ ሲም ያዘ። አንዳንዱ የ09ኙን ለቤተሰብ ትቶ ሥራውን ወደ አዲሱ አዛወረ፣ አንዳንዱ ተቃራኒውን አደረገ፣ እናንተ ጋ የትኛውን እንዳስመዘገበ ደግሞ እሱ ራሱ አያስታውስም። ረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ሲም ተዘግቶ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ይሸጣል። እኔ ለአንድ ሆቴል የጥገና ኃላፊ እያልኩ ዓመት ሙሉ የዋጋ ዝርዝር በቴክስት የላክሁበት ቁጥር፣ ለካ እንጀራ የሚሸጡ እናት ጋ ደርሶ ኖሯል። አንድ ቀን ራሳቸው ደወሉ። «ልጄ፣ ይሄ ባለ ሁለት ኢንች የምትለው ነገር ምንድን ነው? በየወሩ እየጨመረ ነው እኮ!» አሉኝ።

ሁለተኛው ቦታ ነው። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስና የኮሪደር ልማቱ ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው ሲቀጥል፣ መንገድ ዳር የነበረ ሱቅ የት እንደገባ ለማወቅ ደላላ መጠየቅ ሆነ። በጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ደግሞ የስንቱ አድራሻ በአንድ ሌሊት ወረቀት ላይ ብቻ ቀረ።

ሦስተኛው ማንም ሳይንቀሳቀስ የሚያረጅ አድራሻ ነው። ሰሚት ያለው ደንበኛችሁ እዚያው ቤቱ ነው፣ ክፍለ ከተማው ግን ቦሌ መሆኑ ቀርቶ ለሚ ኩራ ሆኗል። «ደቡብ ክልል» ብላችሁ የመዘገባችሁት ደግሞ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ የለም። ሆሳዕና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ገብታለች፤ ወላይታ ሶዶና አርባ ምንጭ ደቡብ ኢትዮጵያ ናቸው፤ ሐዋሳ ቀደም ብላ ሲዳማ፣ ቦንጋ ደቡብ ምዕራብ ሆነዋል። በክልል ለይቶ ሻጭ የሚመድብ ቤት እነዚህን ካላስተካከለ ደንበኞቹ የማንም ሳይሆኑ መሐል ይቀራሉ።

ስልኩ «ጥሪ አይቀበልም» ካለኝ ልሰርዘው?

አይደረግም። ስልክ የሚዘጋበት ምክንያት ብዙ ነው። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ሰውዬው ክፍለ ሀገር ይወጣል፣ አለዚያም አበዳሪ ይሸሻል (አበዳሪው እናንተ ከሆናችሁ ሌላ ጨዋታ ነው)። ጥሪ አይቀበልም የሚለው መልእክትና ቁጥሩ አገልግሎት ላይ አለመሆኑን የሚናገረው መልእክት አንድ አይደሉም። ሻጮች ግን ሁለቱንም «አይሠራም» ብለው ይጽፉና ያልፋሉ። የሰማችሁትን እንዳለ ጻፉት።

እኔ ሦስት ጊዜ እሞክራለሁ፣ በተለያየ ቀንና ሰዓት። አንዱን ረፋድ ላይ፣ አንዱን ከምሳ በኋላ፣ አንዱን አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሱቅ ሲዘጋጋ። ከዚያ ስሜንና የምሠራበትን ቤት የጻፍኩበት አንዲት ቴክስት እልካለሁ። ካልተመለሰ «አልተገኘም» ተብሎ ቀኑ ይጻፍበትና ከሦስት ወር በኋላ ይታያል።

ትዕግሥት ለምን እንደምል የትግራይን ደንበኞች አስታውሱ። በ2013 ጦርነቱ ሲጀመር ስልክ ተቋረጠ፣ በመሐል ለጥቂት ወራት በከፊል መጥቶ እንደገና ጠፋ፣ ለዘለቄታው መመለስ የጀመረው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በመጀመሪያው ዓመት «የማይሠሩ ቁጥሮች» ብሎ ጠርጎ የሰረዘ ነጋዴ፣ መስመሩ ሲመለስ ደንበኞቹ እሱን እስኪፈልጉት መጠበቅ ነበረበት።

እሺ፣ ታዲያ በመጨረሻ ልሰርዘው ወይስ ላቆየው?

አቆዩት፣ ግን ከመንገድ ገለል አድርጉት። ዝርዝሩ ላይ «ሁኔታ» የምትል አንዲት ዓምድ ጨምሩ። ከጎኗ ምክንያቱን፣ ቀኑንና ያጣራውን ሰው ስም ጻፉ። ሻጩ በየቀኑ የሚያየው ገጽ ላይ የሚሠሩት ብቻ ይታዩ፣ የቀሩት ተጣርተው ይደበቁ። የሂሳብ ክፍላችሁ ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር የሚጠቀም ከሆነ እሱም የሚያስተምራችሁ ይሄንኑ ነው፦ ግብይት ያለበትን ደንበኛ መሰረዝ ብትፈልጉም እምቢ ይላችኋል፣ ኢንአክቲቭ የምትለዋን ሳጥን ምልክት አድርጋችሁ ማለፍ ነው ያላችሁ አማራጭ።

ወዲያውኑ የሚሰረዝ አንድ ነገር አለ። ቁጥሩ የማያውቃችሁ ሰው ጋ ከደረሰ ቁጥሩን (ደንበኛውን አይደለም) አጥፉ። «ሁለተኛ እንዳትደውሉልኝ» ያለ ሰው ደግሞ ተቃራኒ ነው። የእሱን ቁጥር ብታጠፉት በሚቀጥለው ዓመት አንድ አዲስ ሠራተኛ ከአሮጌ ቢዝነስ ካርድ ላይ ያገኘውና እንደገና ይደውልለታል። «አይደወልም» ተብሎ መቀመጥ አለበት።

ኤክሴል ላይ የስልኮቹ ዜሮ ጠፋ፣ አንዳንዶቹም እንግዳ ቁጥር ሆኑ። ምን ላድርግ?

ይሄ ሁሉም ቤት ያለ በሽታ ነው። ኤክሴል ስልክን እንደ ሒሳብ ቁጥር ስለሚያየው ከፊት ያለችው ዜሮ ዋጋ የላትም ብሎ ይጥላታል። በ251 የጀመራችሁትን 12 አሃዝ ደግሞ አሳጥሮ ነጥብና የመደመር ምልክት ያለበት ነገር ያደርገዋል። እስካሁን ቁጥሩ ከውስጥ አለ፣ የዓምዱን ፎርማት ስትቀይሩ ይመለሳል። በዚያ መልኩ እንዳለ ሲኤስቪ (የሚታየውን ብቻ የሚይዝ ተራ የጽሑፍ ፋይል) አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁት ግን የኋላ አሃዞቹ በእውነት ይጠፋሉ። አንድ ጊዜ እንዲህ ያበላሸሁትን ፋይል ከወረቀት ደረሰኝ ላይ እያየሁ እንደገና ጽፌዋለሁ።

መድኃኒቱ ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት ዓምዱን ቴክስት ማድረግ ነው። የተጻፈውን ለማስተካከል ክፍት ቦታና ሰረዝ አውጡ፣ ከዚያ ራይት በሚባለው ፎርሙላ ከቀኝ በኩል ዘጠኝ አሃዝ ብቻ ውሰዱ። በዜሮ ቢጀምር፣ በ251 ቢጀምር፣ የመደመር ምልክት ቢኖረው፣ የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ አሃዞች አንድ ናቸው። አንድ ሳጥን ውስጥ በእዝባር (/) ተለይተው የተጠቀጠቁ ሁለት ሦስት ስልኮች ካሉ መጀመሪያ ለየብቻ አውጧቸው፣ አለዚያ ፎርሙላው የመጨረሻውን ብቻ ያነሳል። ስድስት አሃዝ ብቻ ያለው የአዲስ አበባ መደበኛ ስልክ ካጋጠማችሁ ደግሞ የቁጥር አሰጣጡ ከተቀየረበት ከመስከረም 1998 በፊት የተጻፈ ነው። ለሙዚየም ይሆናል።

አንዱ ደንበኛ ሦስት ቦታ ተመዝግቧል። ለምን አልተያዘም?

ፊደላችን ነዋ! ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ፣ ኀይሉ። ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለኮምፒውተር አራት። ሠናይትና ሰናይት፣ ዓለሙና አለሙ፣ ፀሐይና ጸሀይም እንዲሁ። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ዝርዝር ይሻላል ብሎ የሚያስብ ካለ ይባስ ነው። ፀሐይን በላቲን ፊደል ሦስት ጸሐፊ ጋ ስጡ፣ አራት ዓይነት አድርገው ይመልሱላችኋል።

እኔ የማደርገው ለፍለጋ ብቻ የምትሆን የተደበቀች ዓምድ መፍጠር ነው። ስሙን እዚያ ላይ ገልብጬ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ እቀይራለሁ፣ ከነዝርያቸው። ሀና ሃ፣ አና ኣ ላይም እንዲሁ። ዋናው ስም ግን ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀራል። በስሙ ፊደል የሚቆጣ ሰው አለ፣ እውነቱንም ነው። ከዚያ ድግግሞሹን የምፈልገው በዚያች ዓምድና በዘጠኙ አሃዝ አንድ ላይ ነው። ስም ብቻውን አያስተማምንም፤ የአንድ ሰፈር ሁለት አለሙዎች የአባታቸውም ስም ሊገጥም ይችላል። ድርጅት ከሆነ ቲን ቁጥሩ ይበቃል፣ 10 አሃዝ ነው፣ የፊደል ጣጣ የለበትም።

ከውጭ የመጡ ሶፍትዌሮች «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን አላቸው። ብዙ ሰው የአባት ስም ያስገባበታል፣ ይሁን። ሶፍትዌሩ ግን በዚያ ሳጥን «ቤተሰብ» እያደረገ ሲያጣምር ወንድምና እህት ያልሆኑ ሰዎችን ያዛምዳል፣ ባልና ሚስትን ይለያያል። አውቶማቲክ ማጣመሩን አጥፉት። እንዲሁም ከሻጮች ስልክ የሚመጣውን ስም አትናቁ። «ኃይሉ ቀጭኑ»፣ «አለሙ ሰባተኛ»፣ «መላጣው ጎማ ተራ» እያለ ነው የሚመጣው። እነዚህን «ቅጽል» በሚል ዓምድ አስቀምጧቸው። ደንበኛውን ገበያ ላይ የሚያውቁት በዚያ ነው፣ ሲጠፋም የምታገኙት በዚያ ስም ጠይቃችሁ ነው። (ፕሪንት አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ አትተዉት እንጂ።)

«መጨረሻ የተደወለበት ቀን» በየትኛው ካላንደር ይጻፍ?

አንዱን ምረጡ፣ ዓምዱ ራስ ላይም ጻፉት። ሻጩ ጥቅምት 5 ቀን 2016ን 5/2/2016 ብሎ ይጽፋል። ኤክሴል ይሄንን በፈረንጅ ይረዳውና ደንበኛው ከእውነተኛው ቀን ሰባት ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ የተደወለለት ያስመስለዋል። 30/2/2016 ብላችሁ ስትጽፉ ደግሞ የፈረንጅ ሁለተኛ ወር 30 ቀን ስለሌለው ቀን መሆኑን ይክድና እንደ ቃል ይይዘዋል። ዓምዱን ዓይታችሁ አንዳንዱ ወደ ግራ አንዳንዱ ወደ ቀኝ ከተጠጋ ችግሩ ይሄ ነው፣ ወደ ግራ የተጠጋው እንደ ቀን አልተቆጠረም። ጳጉሜንማ ተዉት።

እኛ ቤት ለኮምፒውተሩ በፈረንጅ እንጽፋለን፣ ለሰው የሚታይ ከሆነ ወሩ በአማርኛ በቃል ይጻፋል። ከዚህ የተሻለ ካላችሁ ጥሩ፣ ዋናው አንድ መሆኑ ነው።

ለዚህ ብዬ ሲ.አር.ኤም (የደንበኛ መረጃ መያዣ ሶፍትዌር) መግዛት አለብኝ?

በመጀመሪያ አይደለም። ቆሻሻ ዝርዝር ውድ ሶፍትዌር ውስጥ ስታስገቡት ውድ ቆሻሻ ነው የሚሆነው። መጀመሪያ ኤክሴሉን አጽዱ። ሦስት አራት ሻጮች አንድ ፋይል ላይ መጻፍ ሲጀምሩና እርስ በርስ ሲጠፋፉ ያኔ እንደ ኦዱ ያለውን ተመልከቱ።

የጠፋ ደንበኛ አዲስ ቁጥር ከየት ላግኝ?

ከራሳችሁ ቤት ጀምሩ። የቆዩ ደረሰኞች፣ የዴሊቨሪ ወረቀቶች፣ የሾፌሩ ስልክ። ሾፌሩ ከሻጩ የበለጠ ያውቃል፣ ምክንያቱም ዕቃውን ያወረደው እሱ ነው፣ በሩ ላይ ቆሞ የደወለውም የዘበኛውን ወይም የግምበኛውን ስልክ ነው። ቀጥሎ የገበያ ጎረቤት ነው። ሱቅ የለቀቀ ነጋዴ ጎን ለጎን ከነበረው ሰው ጋር ዕቁብ ይጥላል፣ ለቅሶ ይደራረሳል፣ ስለዚህ የት እንደገባ ጎረቤቱ ያውቃል። ሄዳችሁ ግን በአካል ጠይቁ። በስልክ «እሱ ሰውዬ የት ገባ» የሚል ድምፅ አበዳሪ ይመስላል፣ ማንም አይነግራችሁም።

ቁጥሩ የማን እንደሆነ ለመለየት ብዙ ሰው ቴሌብር ላይ ገንዘብ እንደሚልክ ሆኖ ያስገባና የሚመጣውን ስም ያያል፣ ከዚያ ሳይልክ ይወጣል። እኔም አድርጌዋለሁ፣ አልዋሽም። ግን ሲሙ በሚስቱ ወይም በወንድሙ ስም የወጣ ሊሆን ስለሚችል ስሙ አልገጠመም ማለት ሰውዬው የለም ማለት አይደለም። ቴሌግራም ላይም ፎቶው ተቀይሮ ሌላ ሰው ከሆነ ጥርጣሬ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም፣ የልጁን ፎቶ የሚያደርግ ስንት አለ።

ኢሜይልስ ካላችሁኝ፣ ተመልሶ የመጣውን መልእክት አንብቡት። ተጠቃሚው የለም ካለ በቃ ሞቷል። ሳጥኑ ሞልቷል ካለ ሰውዬው ሊኖር ይችላል፣ ኢሜይል ግን አይከፍትም ማለት ነው። ውጤቱ ለሻጭ ያው ነው፤ ደውሉ።

ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ስደውል ምን ልበል? ያሳፍራል።

ያሳፍራል፣ ግን ሰው የሚያስበውን ያህል አይደለም። የሚያበላሸው «መረጃ እያደስን ነው» ብሎ መጀመር ነው። ደንበኛው ቀበሌ የተደወለለት ነው የሚመስለው። የምታስታውሱትን ነገር አንሱ፦ «ጋሼ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ገርጂ ላለው ሕንፃ ከኛ የውኃ ታንከር ወስደው ነበር፣ እንዴት ሆነ?» በሉ። ሰውዬው ወይ ያመሰግናል ወይ ይራገማል፣ በሁለቱም ግን ያወራል። ወሬው መሐል አሁን የት እንዳለ፣ ምን እየሠራ እንደሆነ፣ የትኛውን ስልክ እንደሚጠቀም ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። ስትጨርሱ «በዚሁ ቁጥር ነው አይደል የምናገኝዎ?» ማለት ብቻ ነው የሚቀረው።

ሌላ ሰው ካነሳ ደግሞ አትመርምሩት። «ይቅርታ፣ የቆየ ቁጥር ይዤ ነው» ብላችሁ ዝጉ፣ እዚያው ላይ ቁጥሩን አጥፉ። «ነገ አጠፋዋለሁ» ያላችሁትን በሚቀጥለው ወር ትደውሉለታላችሁ።

ደንበኛው ድርጅት ነው፣ የማውቀው ግዥ ኃላፊ ግን ለቀቀ። አሁን ምን ይቀየራል?

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው። የድሮውን ስም አጥፍቶ በአዲሱ ይተካዋል። ድርጅቱ አንድ መዝገብ ነው፣ ሰውዬው ሌላ መዝገብ ነው። ሰውዬው ሲለቅ መሐላቸው ያለው ገመድ ብቻ ነው የሚቆረጠው።

አንድ ሆቴል ደውዬ የማላውቃት ሴት አነሳች። «እሳቸው ለቀዋል» አለች፣ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ። እኔም ድሮ ቢሆን አመስግኜ እዘጋ ነበር። «ውይ፣ ደህና ናቸው? የት ገቡ?» አልኳት። ስልኩን በእጇ ሸፍና አጠገቧ ያለውን ሰው ስትጠይቅ ይሰማኛል፣ ከዚያ «ሳር ቤት አካባቢ አንድ ኮንትራክተር ጋ ናቸው አሉ» አለችኝ። የእሷንም ስም ጠየቅሁ፣ ግዥ ላይ የተመደበች ሦስት ሳምንቷ ነበር፣ የዕቃ ዓይነት የሚያስረዳት ሰው ስትፈልግ ነበር። በአንድ ስልክ ጥሪ አንድ ያረጀ መስመር ሁለት ትኩስ መስመር ሆነ፦ እሷ ሆቴሉ ላይ፣ እሳቸው አዲሱ ቦታ ላይ። ብተካው ኖሮ እሳቸውን እስከወዲያኛው አጣቸው ነበር።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የለቀቀው ሰው ከቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ጋር ተጣልቶ ሊሆን ይችላል። ለአንዱ የሌላውን ስልክ አትስጡ፣ ለእሱ ሰጥታችሁት የነበረውን ዋጋ ለአዲሷ፣ የሷንም ለእሱ አታውሩ። እንዲሁም ፕሮፎርማ ከመላካችሁ በፊት ወረቀቱ ላይ የድሮው ሰው ስም እንዳልቀረ አጣሩ። እኔ አንድ ጊዜ ልኬ፣ አዲሱ ሰውዬ በቀይ እስክሪብቶ አክብቦ መልሶልኛል።

የሽያጭ ሠራተኛዬ ለቀቀ፣ የደንበኛ ቁጥሮቹም ስልኩ ውስጥ ሄዱ። መብቴ ምንድን ነው?

መብቱን ጠበቃ ይንገራችሁ፤ እኔ የምነግራችሁ ገበያ ላይ የሚሆነውን ነው። ልጁ በራሱ ሲም ዓመታት ሲደውል ቆይቶ ከሆነ ደንበኛው የሚያውቀው የሱን ቁጥር ነው። «ደንበኞቹ የኔ ናቸው» ቢል ደንበኞቹ ራሳቸው ይመሰክሩለታል። ስለዚህ ነገሩ የሚስተካከለው ሲለቅ ሳይሆን ሲቀጠር ነው። ሲሙ በድርጅቱ ስም ይውጣ፣ የቴሌግራም አካውንቱም በዚያው ቁጥር ይከፈት፣ ሲወጣ ሲሙን አስረክቦ ይሂድ። ሲሙን ተረክባችሁ መሳቢያ ውስጥ ከጣላችሁት ደግሞ ቅድም ያልኩት ይደርስባችኋል፣ ተዘግቶ የማታውቁት ሰው ጋ ይገባል።

ነገሩ ከደረሰባችሁ ግን ልጁን አታሳዱት። በሰላም ከለቀቀ አንድ ሳምንት ክፈሉትና ተተኪውን ይዞ ዋና ዋና ደንበኞቹ ጋ ይዙር፣ ቡና እየጠጡ ያስተዋውቀው። ይሄ ከየትኛውም የርክክብ ወረቀት ይበልጣል። ሳይስማማ ከሄደ ያላችሁ ደረሰኝና ቲን ቁጥር ነው። ከዚያ ተነሱና እናንተ ራሳችሁ (ባለቤቱ ማለቴ ነው፣ ጸሐፊዋ አይደለችም) ቀድማችሁ ደውሉ።

«ቁጥሬን ከየት አገኛችሁት? አጥፉልኝ» ቢለኝስ?

እውነቱን ንገሩት። «በ2012 ሱቃችን መጥተው ሲገዙ ያስመዘገቡት ነው» ማለት ከቻላችሁ አብዛኛው ሰው ይበርዳል። ከየት እንደመጣ የማታውቁት ከሆነ ችግሩ እሱ ጋ አይደለም፣ እናንተ ጋ ነው። ለዚህ ነው «ምንጭ» የምትል ዓምድ የምታስፈልገው። ከጓደኛ ተገዝቶ ወይም ተለምኖ የመጣ የስልክ ዝርዝር ያላችሁ ካላችሁ እኔ ብሆን ሳልነካው እጥለው ነበር።

ሕግም አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ የሚከታተለውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በአጭሩ የያዛችሁት የሰው መረጃ ትክክለኛና የታደሰ እንዲሆን፣ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል ይፈልጋል፣ ሰውየውም ይታረምልኝ ወይም ይጥፋልኝ ሊል ይችላል። ከኛ ዓይነት ነጋዴ ብዙው ገና አልሰማውም። ያጥፉልኝ ላለው ሰው የማደርገው ይሄ ነው፦ ከማስታወቂያ ዝርዝር ሙሉ በሙሉ ይወጣል፣ ለግብር የሚፈለገው ደረሰኝ ሂሳብ ክፍል ይቀመጣል፣ «አይደወልም» በሚለው ገጽ ላይም ዘጠኝ አሃዙ ብቻ ይቀራል። ይሄንንም ለራሱ እነግረዋለሁ። እስካሁን የተከራከረኝ የለም።

ደንበኛው አርፎ ቢሆንስ? ዱቤም ነበረበት።

ይሄን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ጊዜ ነገሩ የደረሰበት ነው። ስልኩን ሚስቱ ወይም ልጁ ያነሳና ይነግራችኋል። «ነፍስ ይማር፣ አልሰማንም ነበር» በሉ፣ መቼ እንደሆነ ጠይቁ፣ በዚያች ጥሪ ስለ ዱቤ አንድ ቃል አታውጡ። ቅርብ ጊዜ ከሆነ ሄዳችሁ ልቅሶ ድረሱ። ዱቤውን አርባው ካለፈ በኋላ፣ ከቤተሰቡ ጉዳዩን ከያዘው ሰው ጋር፣ የፈረመባቸውን ወረቀቶች ይዛችሁ በአካል ነው የምታነሱት። ክርስቲያን ካልሆነም እንደየወጉ ጊዜ ስጡ። ስንት ቤተሰብ ሳይጠየቅ ራሱ መጥቶ «አባታችን እናንተ ጋ ያለበት አለ?» ይላል።

መዝገቡን ግን በዚያው ቀን አስተካክሉ፣ ይሄ አይቆይም። ስማቸው ጎን «አርፈዋል» ተብሎ ይጻፍ፣ ቁጥሩ ከበዓል መልእክት ዝርዝር ይውጣ። እኔ ይሄን በጊዜው ባለማድረጌ ላረፉ ሰው ስልክ «እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰዎ፣ በ10 ፐርሰንት ቅናሽ» የሚል ቴክስት ሄዷል፣ ያነበበችውም ልጃቸው ናት። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሱቁን አሁን የምትሠራው እሷ ናት። የእሷን ስልክ በአባቷ መስመር ላይ አልተካሁትም፣ አዲስ መስመር ከፍቼ በራሷ ስም መዘገብኳት።